ያለ ሞዴል 19 የገባ አየር

ሰው ሲያረጅ ነጭናጫ ይሆናል የሚሉት ውሸታቸውን ነው። እኔ በጎልማሳነቴም እነጫነጭ ነበር። ያኔ ግን የምነጫነጭበት ነገር በዓይን ይታይ ነበር፤ ጎማው ፈነዳ፣ ራዲያተሩ አፈሰሰ፣ ካንዴላው ጠቆረ፣ ባትሪው ሞተ። ጣቴን ቀስሬ «ይኸው!» እል ነበር። ዛሬ መኪናዬን ያሳበዳት ነገር መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ መሬት ላይ ጠብ የሚል ምልክት የለው። አየር ነው። የመሪው ዘይት ውስጥ አየር ገብቷል። በዚህ አገር አየር በአየር የሚነገደው ስኳርና ሲሚንቶ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔም ሳላውቅ ኮፈኔ ሥር መጋዘን ከፍቼለታለሁ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የኖርኩት ንብረት ክፍል ነው። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሁለት ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለገባ ዕቃ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ለወጣ ዕቃ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ከነዚህ ውጭ የገባም የወጣም ነገር ካለ አንድም ሌባ አለ፣ አንድም ጸሐፊው እንቅልፋም ነው። በዚህ ሥርዓት ያረጀሁ ሰው፣ ማንም ሳይፈርምበት፣ ማንም ሳይረከበው፣ በየት በኩል እንደገባ ሳይታወቅ መኪናዬ ሆድ ውስጥ የተገኘ አየር ምን ያህል እንደሚያንገበግበኝ አስቡት። ባለቤቴ «አየር ነው እኮ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ትለኛለች። አየር መሆኑ ነዋ የሚያስጨንቀኝ! ዘይት ቢጎድል ማን እንደወሰደው እጠይቃለሁ፤ አየር ሲተርፍ ማንን ልጠይቅ?

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች ኮሮላ ናት። በየዓመቱ ቦሎዋን ሳታስጨንቀኝ የምትለጥፍ፣ ሰው የማታስቀይም መኪና ነበረች። አሁን ግን መሪውን ባዞርኩ ቁጥር እንደ ሙሾ አውራጅ ታለቅሳለች። ቀጥ ብዬ ስሄድ ዝም፤ ልታጠፍ ስል «እ...ዬ...ዬ...»። ነዳጅ ስሰጣት ድምፅዋን ከፍ፣ ስተዋት ዝቅ ታደርጋለች። ጠዋት ከግቢ ሳወጣት፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልኩ ስጠመዝዛት ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል። አንድ ማለዳ ከጎረቤት ያሉ አዛውንት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉና «ማን አረፈ?» ብለው ጠየቁኝ። «መኪናዬ ናት» አልኳቸው። «ውይ፣ ነፍስ ይማር» ብለው ተመለሱ።

ልቅሶው ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አደባባይ ዞሬ ልወጣ ስል መሪው በመሐል ያዝ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ያዝ ያደርገኛል። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ሳነሣ፣ ኩልል ያለ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ሮዝ ሆኖ አረፋ ደፍቋል። ከሁሉ የገረመኝ ሞተሩን ሳጠፋ ያየሁት ነው። ዘይቱ ራሱ ወደ ላይ ተነሣ፣ የላይኛውን ምልክት አለፈ፣ በጠርዙ ሞልቶ ወደ ውጭ ፈሰሰ። መጋዘን ተዘግቶ ዕቃው የሚጨምርበት ንብረት ክፍል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የሚጎድልበት እንጂ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ ኃይል የሚያስተላልፈውም በዚሁ ግትርነቱ ነው። ቺንጋው የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን ገፍቶ ወደ መሪው ሳጥን ይልካል፤ ግፊቱ ጎማውን በማዞር ያግዛችኋል፤ ሥራውን የጨረሰው ዘይት በመመለሻው ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። አየር ግን ሲጫኑት ይታመቃል። ዘይቱ መሐል አረፋ ካለ ፓምፑ ጉልበቱን አረፋ ሲጨፈልቅ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ መሪው አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል፣ ፓምፑም ያላዝናል። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ይለቅና የታመቀው አረፋ ሰፋ ብሎ ይተነፍሳል፤ ዘይቱን ሽቅብ የሚገፋው እሱ ነው። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ይህንኑ መለኪያ አድርጎታል፤ ሞተሩ ሲሠራና ሲጠፋ ያለው የዘይቱ ከፍታ ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም ይላል። 5 ሚሊ ሜትር! ማስመሪያና ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ሊመረምረው የሚችል በሽታ ነው። ማስመሪያውም ዓይኑም ሞልቷል፤ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ጠፋ እንጂ።

በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ቮልስ ነዳን፣ ፊያት 600 ነዳን፣ ላዳ ነዳን፤ አንዳቸውም የመሪ ዘይት የሚባል ነገር አያውቁም። ፓምፑ ክንዳችን ነበር። ሰው ጢም ብሎ የሞላባትን ላዳ በቆመችበት ጎማዋን ያዞረ ሾፌር፣ ሰላም ሲላችሁ ከእጁ አጨባበጥ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጅ መሪውን በአንድ ጣቱ እያሽከረከረ በሌላው እጁ ስልክ ያወራል። መሪ የቀለለው ሁለተኛው እጅ ስልክ እንዲይዝ ይመስለዋል።

መሪን ያቀለለው ሰው ደግሞ ነገሩን ቸኩሎ አላገኘውም። ፍራንሲስ ዴቪስ ይባላል፤ ፒርስ አሮው በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የከባድ መኪና መሐንዲስ ነበር። ሥራውን ለቀቀና ማሳቹሴትስ ውስጥ ዎልተም በምትባል ከተማ ወርክሾፕ ተከራየ። እ.ኤ.አ. በ1926 በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ መኪና ላይ ገጥሞ አሳየ። ጄኔራል ሞተርስ ተዋዋለው፤ የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣና ነገሩ ተጣጠፈ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሥራው ለጦር ተሽከርካሪዎች ዋለ። ለገበያ የቀረበ የቤት አውቶሞቢል ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ በክራይስለር ኢምፔሪያል። 25 ዓመት! ሰውየው መሪ እንዲቀልልን 25 ዓመት ጠበቀ። የእኛ መካኒክ አረፋ እስኪረግብ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አቃተው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ያለው ልጅ ጆሮው ውስጥ ሙዚቃ ሰክቷል። ከነሙዚቃው መኪናዬን አዳመጣት። «ፋዘር፣ ፓምፑ ሞቷል» አለኝ። አባቱ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ ጆሮውን ነበር የማስከፍተው። «ክዳኑን እንኳ ከፍተህ አላየህም» ብለው «ድምፁ ያስታውቃል» አለ። በየትኛው ጆሮው እንደሆነ እሱ ያውቃል። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ «ፓምፑማ ደህና ነው፤ የመሪው ሳጥን ነው የሚወርደው» አሉኝ። አንዱ ፓምፕ፣ አንዱ ሳጥን፤ ቱቦ ያለ ሰው ግን አልተገኘም። ቱቦ ርካሽ ነዋ፤ በርካሽ ዕቃ ማን ከብሮ ያውቃል? ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው።

ጋራዥ የማይሠሩትም አልማሩኝም። በሰፈራችን መኪና ያለውም የሌለውም መካኒክ ነው። አንዱ «ቺንጋው ላልቶ ነው» አለ። እሱስ ቢያንስ ሊፈተን የሚችል ነገር ተናገረ፤ የሚንሸራተት ቺንጋ ሲጢጥ ይላል እንጂ አያላዝንም፣ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲያደርጉበትም ድምፁ ወዲያው ይለወጣል። ውሃው ተደረገ፤ የኔዋ ልቅሶዋን አላቋረጠችም። ሌላው የፍሬን ዘይት ይዞ መጣ። «ዘይት ዘይት ነው ጋሼ፣ ትንሽ ጣል ያድርጉባት።» እጁን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። የፍሬን ዘይት የመሪውን ፓራኦልዮና ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሻል። የኔዋ የምትጠጣው ዴክስሮን የሚባለውን ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ሌሎች መኪኖች ደግሞ የየራሳቸው አላቸው፤ ክዳኑ ላይ ካልሆነም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ግን ክዳን ከፍቶ ያላየ ሰው ክዳን ያነባል ብዬ ልጠብቅ?

ጎረቤቴ ግን ጋራዦቹን ሰማቸው። የእሱም ሃይሉክስ ታለቅስ ነበርና ፓምፕ ይቀየር ተባለ። ሶማሌ ተራ ሄዶ «ዩዝድ ነው ግን ኦሪጅናል፤ የዱባይ ነው» የተባለውን ገዝቶ አስገጠመ። «አሮጌውስ?» ብለው «እዚያው ጋራዥ ቀረ» አለኝ። ያለ ርክክብ! አዲሱ ፓምፕ ታሰረ፣ ዘይት ተሞላ፣ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ መኪናው ወጣ። አየሩን ያስወጣለት የለም፤ አየሩ የገባበትን ቀዳዳ የፈለገለትም የለም። በማግስቱ አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው በላይ ያላዝን ጀመር። አረፋ የሚያላምጥ ፓምፕ ውስጡን የሚያለሰልስለት ዘይት ስለሚያንሰው ይፋጫል፣ ይግላል፣ አዲስ ቢሆንም ዕድሜው ያጥራል። ያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሁለታችን ከግቢ ስንወጣ አንዷ ስታወርድ ሌላዋ ትቀበል ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ዳውላው ግን ከአህያው ይልቅ ተወድዷል።

የልጅ ልጄ ሊያግዘኝ ስልኩን ይዞ መጣ። «አባባ፣ ለዚህማ ቪዲዮ አለ።» አየሁት። ሰውየው የመኪናውን ፊት በክሪክ አነሣ፣ መሪውን ወዲያ ወዲህ አዞረ፣ «አሁን አረፋው እስኪወጣ ትንሽ እንጠብቃለን» አለ። ወዲያው በቅጽበት ጥላው ዞሮ፣ ፀሐዩ ወርዶ፣ «ጨርሰናል» አለ። «መጠበቁስ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ተቆርጧል አባባ፤ እሱንማ ማን ያየዋል?» አለኝ። እኔ የምፈልገው ያንን የተቆረጠውን ነበር! ልጁ የተረፈውንም ቢሆን በእጥፍ ፍጥነት ነበር የሚያየው። እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ ነገ ክዳን ከፍቶ አረፋ ይጠብቃል ብላችሁ ተስፋ የምታደርጉ ካላችሁ፣ እኔ ከናንተ ጋር የለሁበትም።

በመጨረሻ በዕድሜ እኩያዬ የሆኑ አንድ መካኒክ አገኘሁ። ጋራዣቸው አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ክሪክና አንድ ዱካ ነው። ዱካቸውን ከኮፈኑ አጠገብ አደላድለው ተቀመጡና «ያስነሡት» አሉኝ። ክዳኑን ከፍተው አረፋውን አዩ። «ያጥፉት» አሉኝ። ዘይቱ ሽቅብ ሲወጣ አዩ። የሞላውን በጨርቅ አበሱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥር ቱቦውን፣ ፓምፑን፣ መሬቱን አዩ። ደረቅ ነው። ፊታቸው በራ።

«አያንጠባጥብም» አሉ።

«እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው። ካላንጠባጠበ በየት ገባ?»

«የሚያንጠባጥበውማ ምን ያስቸግራል፤ ራሱን ያጋልጣል። የሚደበቀው የሚጠባው ነው።»

ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ፣ አሉኝ፣ ግፊት የሚባል ነገር አያየውም፤ ፓምፑ ከዚያ በኩል ይስባል። ስለዚህ እዚያ ላይ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ዘይት በመውጣት ፈንታ አየር ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ዘይቱ ወፍራም ነውና በዚያች ቀጭን ስንጥቅ መውጣት ያቅተዋል። ለመግባት የሚከፈት፣ ለመውጣት የሚዘጋ በር ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ በር ያለው መጋዘን ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ሀብታም ሆኜ ነበር ጡረታ የምወጣው።

ምርመራቸው ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ጎድሎ እንደሆነ፤ ከዚያ የቱቦው ማሰሪያ ፋሼታ ላልቶ እንደሆነ፤ ከዚያ ቱቦው ደርቆ እንደሆነ፤ ከዚያ በፓምፑ መግቢያ ላይ ያለችው ቀለበት ጎሚኒ አርጅታ እንደሆነ፤ መጨረሻ ላይ የፓምፑ ዘንግ ፓራኦልዮ ተበልቶ እንደሆነ። ልጆቹ ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት፤ ለዚያውም ከመጨረሻው አልፈው። ሽማግሌው ሞተሩን አስነሥተው፣ እጃቸውን ከቺንጋው አርቀው፣ የቱቦውን የላይኛውን ጫፍ ዙሪያውን በግራሶ ደመደሙት። ለውጥ የለም። የታችኛውን ደመደሙት። ልቅሶው ቀነሰ፤ ጥቂት ቆይቶ አረፋውም ሳሳ። ሞተሩን አስጠፍተው ግራሶውን ጠረጉና ጠሩኝ። ፋሼታ ሊኖር የሚገባው ቦታ ላይ ሽቦ ታስሯል። ቱቦውም በሙቀት ብዛት ከመድረቁ የተነሣ ጫፉ ተሰንጥቋል። ራዲያተር ያሠራሁበት ጋራዥ ለሥራ እንዲመቸው ፈትቶት ኖሯል፤ ሲመልሰው ፋሼታዬን ወጪ፣ ሽቦውን ገቢ አድርጎልኛል። ሞዴል 22 የለ፣ ሞዴል 19 የለ!

አዲስ ቱቦ ገባ፣ አዲስ ፋሼታ ጠበቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ማንም የማይወደው ሥራ ነው። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደረገ፤ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው መኪናዋ በጠንካራ ድጋፍ ላይ አረፈች። ሞተሩ ጠፍቷል። እኔ መሪው ላይ፣ እሳቸው ዘይቱ ላይ።

«ቀስ ብለው ወደ ግራ። እስከ ጥግ። አሁን ወደ ቀኝ። ቀስ!»

ባዞርኩ ቁጥር ማጠራቀሚያው ውስጥ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። ዘይቱ ዝቅ ሲል እሳቸው ይጨምራሉ፤ ቱቦው አፍ ድረስ ከወረደ ያስወጣነውን አየር ፓምፑ መልሶ ይጎርሰዋልና። ከጥግ ጥግ፣ ከጥግ ጥግ፤ ክንዴ ላዳን አስታወሰ። ዙሪያችንን የቆሙት ወጣቶች አላስቻላቸውም። «ሞተሩን አስነሡትና በአንዴ ይትፋው!» አለ አንዱ። ሽማግሌው ዝም አሉ፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም። ትልልቁ አረፋ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሞተሩን አስነሥታችሁ ፓምፑ ሲያምሰው ግን ደቅቆ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፣ ያ ደቃቅ አረፋ እስኪጠራ ደግሞ ቀኑ ይመሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም ወይ? አልሰማም። ጆሮው ውስጥ እሱም ሙዚቃ ነበረው።

ቡልቅታው ሲያቆም ሞተሩ ተነሣ፤ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ በዝግታ። እንደገና ከጥግ ጥግ። ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ፤ ከዚያ መመለስ። እዚያ ጥግ ላይ ዘይቱ መሄጃ ስለሚያጣ ግፊቱ በብዙ መኪኖች ከ60 ባር በላይ ይወጣል፤ የጎማችሁ ነፋስ 2 ባር አካባቢ መሆኑን አስቡ። በየመኪና ማቆሚያው መሪውን ጥግ ላይ ጨምድደው ይዘው ከደላላ ጋር በስልክ የሚጨቃጨቁ ሾፌሮች፣ ፓምፓቸውን በገዛ ዘይቱ እየቀቀሉት ነው። ነግሬያቸው አውቃለሁ። «እሺ ጋሼ» ይሉኛል፤ መሪውን ግን አይለቁም።

«አሁን ያጥፉት። እንጠብቅ» አሉ ሽማግሌው።

ቡና አዘዝኩ። ጠበቅን። ዘይቱ ላይ ቀጫጭን አረፋዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ይጠፋሉ። «አይበቃም?» አልኳቸው። «አረፋ አለ።» ትንሽ ቆይቼ «አሁንስ?» አልኩ። «አለ።» የሰጡኝ ድንጋይ ለመቀመጫ አይመችም፤ ዱካውን የያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ ትዕግሥትን አልነቅፍም፤ ግን ትዕግሥት በጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ቢሆን ምን ይጎዳል?

ይህን ጊዜ የሰፈራችን አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ካለ ወዲህ እንዲህ ያሉት በዝተዋል። መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ጋሼ፣ ይቺን አይገላገሏትም? የኔዋ እኮ መሪዋ ዘይት የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው። የመሪው እገዛ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ለነገሩ አዲስ ነገርም አይደለም፣ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ሰርቮ በምትባል ትንሽ መኪናው ላይ ገጥሞታል፣ ከተማውን የሞሉት ቪትዞችም መሪያቸው የሚታገዘው በዚሁ ነው።

«ሲበላሽ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ኮምፒውተር ይሰኩበታል።»

«ኮምፒውተሩስ ምን ይላል?»

«ኮድ ይሰጣል።»

«ከኮዱ ጋር መጣላት ይቻላል?»

አልገባውም። መኪና ማለት ለሱ መንዳት ብቻ ነው። መሪዋ የሚያላዝን ፓምፕ የለው፣ ፋሼታ የለው፣ የሚረገም ቱቦ የለው፤ ሰውየው በምን ተነጫንጮ ሊያረጅ ነው? ይብላኝ ለሱ። መስኮቱን ዘግቶ ሄደ፤ መሄዱንም ያወቅሁት ዞር ስል ስላጣሁት ነው።

አረፋው ጠራ። ሽማግሌው ሞተሩን አንድ ጊዜ ደግመው አስነሥተው መሪውን አስዞሩኝ፤ ሲያጠፉት ዘይቱ ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። «ሁለት ጊዜ አስወጥተው አሁንም ካረፋ፣ የቀረ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ዘይት መጨመሩን ትተው ቀዳዳ ይፈልጉ» አሉኝ። የቶዮታ መመሪያም ይህንኑ ይላል፤ እሳቸው ግን መመሪያ ሲያነቡ አላየሁም። መኪናዋ ወረደች። መንገዱን አንድ ዙር ዞርኩ። መሪው ግራ ሄደ፣ ቀኝ ሄደ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ሒሳብ መጣ። ቱቦ ይህን ያህል፤ እሺ። ፋሼታ ይህን ያህል፤ እሺ። ዘይት ይህን ያህል፤ የጠርሙሱን ቀሪ ያሳዩኝ ብዬ አይቼ እሺ። ከዚያ ቀጠሉና ከሦስቱም ድምር የሚበልጥ ብር ጠሩ።

«ይሄ የምን ነው?»

«የቁጭታዬ።»

«ቁጭታ? ቡና ሲጠጡ አይደል እንዴ የዋሉት? አብረን ነው እኮ የተቀመጥነው!»

«እርስዎ የተቀመጡት ሊሄዱ ነው፤ እኔ የተቀመጥኩት አረፋውን ላይ ነው» አሉ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ልጆቹ ለምን ፓምፕ የሚቀይሩ ይመስልዎታል? አሮጌውን ፈትተው፣ አዲሱን በእጅዎ አስይዘው የፈለጉትን ብር ቢጠሩ፣ ተከራክረው ይከፍሉ ነበር። አረፋ ሲያይ ለዋለ ሰው ግን ማነው የሚከፍል? እኔም ፓምፕ መሸጥ እችላለሁ፤ ሶማሌ ተራ ያውቁኛል።»

ለዚህ የሚሆን መልስ ነበረኝ፤ ጊዜ ስለመሸ ነው ያልተናገርኩት። ደግሞስ ቁጭታ በየትኛው ሞዴል ነው ገቢ የሚሆነው? አይመዘን፣ አይቆጠር፣ መደርደሪያ ላይ አይወጣ። ኪሴ ውስጥ ካለችው ደብተር ላይ ግን ጻፍኩት፤ «የተወገደ አየር፣ ብዛት ያልታወቀ፣ የተረካቢ ስም፦ ሰማይ።» ሽማግሌውን አስፈረምኳቸው። አሮጌውን ቱቦና ሽቦውንም ተረክቤ ወደ ቤት ይዤ ሄጃለሁ፤ ባለቤቴ የት ልታስቀምጠው ነው ስትለኝ ማስረጃ ነው ብያታለሁ።

የጠሩትንም ብር ከፈልኩ። ሁለቱን ስኒ ቡና ግን ከቁጭታቸው ላይ ቀንሻለሁ፤ አንዱን የጠጣሁት እኔ ብሆንም፣ ሲጠበቅ የነበረው የሳቸው አረፋ ነው።